ቆላ የወረደ ሰው ሲታመም

የምትኖሩት በጎንደር፣ በደብረ ታቦር፣ በባሕር ዳር ወይም በዙሪያቸው ባሉ የገጠር አጥቢያዎች ከሆነ፣ ክረምት ሲገባ ከጉባኤያችሁ የሚጎድሉ ወጣቶችና አባወራዎች መኖራቸውን ሳታስተውሉ አትቀሩም። «ወንድም የት ሄደ?» ብላችሁ ስትጠይቁ መልሱ አጭር ነው፤ «መተማ ወርዷል» ትባላላችሁ። ሐምሌና ነሐሴ የሰሊጥ አረም ነው፤ መስከረምና ጥቅምት አጨዳ። ከዚያ ጥጥ ለቀማውና ማሽላ ቆረጣው ይከተላል። ሰሊጥ ደግሞ ፋታ አይሰጥም። ደርሶ ሳይታጨድ ከቆየ ራሱን ከፍቶ ይረግፋል። ስለዚህ ባለ እርሻው ጉልበት ይፈልጋል፣ ደገኛው ብር ይፈልጋል። አገር ሰላም በነበረበት ጊዜ በየዓመቱ በመቶ ሺህዎች የሚቆጠር ሰው ወደ መተማ፣ ወደ ቋራ፣ ወደ ምዕራብ አርማጭሆና ወደ ሁመራ ይወርድ ነበር፤ ዛሬም መንገዱ እየተዘጋና እየተከፈተም ቢሆን የሚወርደው ብዙ ነው።

ስለ ሥራው ክፍያና ስለ ጉዞው አስቸጋሪነት ብዙ ተብሏል። እኛ ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው። ይህ ሰው ከቤቱ ርቆ ሳለ ወይም ከተመለሰ በኋላ ቢታመም፣ ሕመሙን የሚያውቅ ሐኪም ዘንድ እንዴት ይደርሳል?

በአዲስ አበባ የሚኖር የውጭ አገር ዜጋ ሲታመም የሚሆነውን ሰምታችሁ ይሆናል። መሥሪያ ቤቱ የገባለት ኢንሹራንስ አለ፤ የስፔሻሊስቶቹ ስልክ ቁጥር በእጁ ነው፤ ነገሩ ከከበደም በአውሮፕላን ናይሮቢ ይወሰዳል። ከጋይንት ተነስቶ ከኮኪት ባሻገር ባለ እርሻ ላይ የሚያጭደው ወንድማችን ግን በገዛ አገሩ እንግዳ ነው። አሠሪው ስሙን እንኳ በትክክል ላያውቀው ይችላል። የሚተኛው ከግራር ሥር ወይም በሣር ዳስ ውስጥ ነው። አብሮት የወረደው የመንደሩ ልጅ ወደ ሌላ እርሻ ከተዛወረ «ታሟል» ብሎ ለቤቱ የሚናገርለት አይኖርም።

ወባ ያልሆነው ንዳድ

ደገኛው ቆላን መፍራት የጀመረው ዛሬ አይደለም። አባቶቻችን «ንዳድ» የሚሉት ትኩሳት ቆላ የወረደውን ሁሉ ይጥለው ነበር። የጎንደር ሕክምና ትምህርት ቤት ራሱ የዚህ ንዳድ ልጅ ነው ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1953 በደምቢያ የገባው የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሕዝብ ከጨረሰ በኋላ ነው፣ በቀጣዩ ዓመት የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ የተቋቋመው። ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲና የስፔሻላይዝድ ሆስፒታሉ የሆነው ያ ነው።

ወባን ሁላችንም እናውቀዋለን። በቆላው ግን ወባን የሚመስል፣ ወባ ያልሆነ ሌላ ትኩሳት አለ። ስሙ ካላ አዛር ይባላል። ቃሉ ከሕንድ የመጣ ሲሆን «ጥቁር ትኩሳት» ማለት ነው። በዓለም ላይ በዚህ በሽታ ከሚያዙት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በአሁኑ ጊዜ በምሥራቅ አፍሪካ ይገኛሉ። በአገራችን ደግሞ ዋነኛ መቀመጫው ከሁመራ እስከ መተማ የተዘረጋው የሰሊጥ አገር ነው።

የሚያስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ የሚባል ነፍሳት ነው። ስሙ ዝንብ ቢሆንም የቤት ዝንብ አይምሰላችሁ። ከትንኝ በብዙ ያንሳል፤ ርዝመቱ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ሲበርም ድምፅ የለውም። የሚነክሰው ከምሽት እስከ ንጋት ነው። መኖሪያው በተሰነጣጠቀ ዋልካ አፈር ውስጥና በግራር ዛፍ አካባቢ ነው። እንግዲህ አስተውሉ፤ ቀኑን ሙሉ ሲያጭድ የዋለው ሰው ጥላ ፍለጋ ጎኑን የሚያሳርፈው እዚያው ግራር ሥር ነው። ዝንቡና ደገኛው የሚገናኙት በዚህ ዓይነት ነው።

በሽታው ወዲያው አይታይም፤ ጣጣው ያለው እዚህ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 6 ወር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ተደብቆ ይቆያል። ሰውየው አጭዶ፣ ደመወዙን ተቀብሎ፣ ለልጆቹ ልብስ ገዝቶ ቤቱ ይገባል። ትኩሳቱ የሚጀምረው ጥር ወይም የካቲት ላይ፣ ደጋ ላይ፣ ወባ እንኳ በማይታወቅበት መንደር ሊሆን ይችላል። ሁለት ሳምንት ያልፋል፤ አይለቀውም። የምግብ ፍላጎቱ ይጠፋል፤ ሰውነቱ ይመነምናል፤ ሆዱ ግን ይነፋል። ከግራ ጎድን ሥር ጣፊያው አብጦ በእጅ ይዳሰሳል። ይገረጣል፤ አንዳንዱን ያነስረዋል። ካልታከመ ከ100 ሰዎች ከ95 በላይ የሚሆኑትን ይገድላል። በወቅቱ የታከመ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይድናል። ይህን ሁለተኛውን ዐረፍተ ነገር ለጎረቤት ሁሉ ንገሩ፤ ብዙ ሰው የሚያውቀው የመጀመሪያውን ብቻ ነውና።

ሊቦ ከምከም ላይ የሆነው

ይህ ጉዳይ የወራጁ ብቻ እንዳልሆነ በሚገባ የታየው በ1997 ዓ.ም. ነው። በሊቦ ከምከም ወረዳ፣ ቡራ በሚባል ቀበሌ፣ ሰዎች በማይለቅ ትኩሳት እየመነመኑ መሞት ጀመሩ። አካባቢው ከጣና በስተምሥራቅ ያለ ደጋማ አገር ነው፤ ካላ አዛር ከዚያ በፊት አይታወቅበትም ነበር። መጀመሪያ የተጠረጠረው መድኃኒት የተላመደ ወባ ነበር። ሰዎች የወባ ክኒን ደጋግመው ወሰዱ፤ ለውጥ የለም። ካላ አዛር መሆኑ በምርመራ የተረጋገጠው በግንቦት ወር ነው። እስከዚያ ድረስ ብዙ ቤቶች ሐዘን ገብቷቸዋል።

እንዴት ደረሰ? ባለሙያዎቹ የሰጡት ዋነኛ ግምት ከሁመራና ከመተማ የተመለሱ ሠራተኞች ተውሳኩን በደማቸው ይዘው ገብተዋል፣ እዚያው ያለው የአሸዋ ዝንብም ከእነርሱ ወደ ሌላው አስተላልፏል የሚል ነው። ቆላ ወርደው የማያውቁ ሴቶችና ሕፃናት ሳይቀሩ ታመሙ። በኋላ ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው ድርጅት ከጤና ባለሥልጣናት ጋር ሆኖ አዲስ ዘመን ከተማ ላይ ሕክምና ከፈተ፤ ሕዝቡም መዳን ጀመረ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ቡራ ላይ ጊዜ የፈጀው ሐኪም ስለሌለ ብቻ አልነበረም። ወሳኙ ጥያቄ «ይህ ሰው ወይም የአካባቢው ሰው ቆላ ወርዶ ነበር ወይ?» የሚለው ነው። እስካሁንም በየጤና ጣቢያው ይህ ጥያቄ ሳይጠየቅ ለታይፎይድና ለወባ እየታከሙ የሚከርሙ ሰዎች አሉ። ስለዚህ እናንተው ንገሩ። ካርድ ስታወጡ፣ ሐኪሙ ፊት ስትቀመጡ፣ ከማንኛውም ምልክት በፊት «መተማ ለሰሊጥ ወርዶ ነበር» በሉ፤ የወረደበትንም ወር ጥቀሱ። ይህን መናገር ምንም ገንዘብ አያስወጣም፤ ምርመራውን ግን አቅጣጫ ያስይዘዋል።

አዲስ አበባ ከመሄዳችሁ በፊት

ብዙዎቻችን ሕመም ሲጠና አንድ ሐሳብ ብቻ ነው የሚመጣልን፤ አዲስ አበባ! ዘመድ ይሰበሰባል፣ በሬ ይሸጣል፣ ቤተ ክርስቲያንም መዋጮ ትጠይቃለች፣ በሽተኛውም 730 ኪሎ ሜትር ያህል በአውቶቡስ ተጉዞ አዲስ አበባ ይደርሳል። ለካንሰር የጨረር ሕክምና፣ ለልብ ቀዶ ሕክምናና ለመሳሰሉት ይህ ትክክል ሊሆን ይችላል። ለካላ አዛር ግን መንገዱን መሳት ነው። አዲስ አበባ ያለ የግል ክሊኒክ ሐኪም በዓመት አንድ የካላ አዛር በሽተኛ ላያይ ይችላል። ጎንደር ሆስፒታል ግን ለዚህ በሽታ ብቻ የቆመ የሕክምናና የምርምር ማዕከል አለው። በዚህ በሽታ ረገድ ስፔሻሊስቱ ያለው በአቅራቢያችሁ ነው።

ከጎንደር ሌላ የመተማ ሆስፒታልና የአብደራፊ ጤና ጣቢያ ለዓመታት ይህን በሽታ ሲያክሙ ቆይተዋል፤ ደጋ ላይ ደግሞ አዲስ ዘመን አለ። ሠራተኛው እርሻው ላይ እያለ ከታመመ መጀመሪያ ሊያስብ የሚገባው ገንዳ ውኃ ወይም መተማ ዮሐንስ ያለውን ሆስፒታል ነው። ከዚያ የሚከብደው በሪፈር ወደ ጎንደር ይላካል። ከመተማ ዮሐንስ ጎንደር በሸሕዲ፣ በነጋዴ ባሕርና በአይከል አድርጎ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

ምርመራው እንዴት ነው? በቅድሚያ ከጣት በሚወሰድ ጠብታ ደም የሚሠራ ፈጣን ምርመራ አለ። በእኛ አካባቢ ግን ይህ ምርመራ አንዳንድ በሽተኞችን ያልፋቸዋል። ኤች አይ ቪ ያለባቸውን ደግሞ ከሌላው የበለጠ ያልፋቸዋል። «ነጻ ነህ» ተብሎ ሕመሙ ከቀጠለ ጉዳዩ አላለቀም ማለት ነው። ያኔ ከጣፊያ ወይም ከአጥንት መቅኔ በመርፌ ናሙና ወስዶ በማይክሮስኮፕ መፈለግ ያስፈልጋል። ያበጠ ጣፊያ ውስጥ መርፌ ማስገባት የሠለጠነ እጅ የሚጠይቅ ሥራ ነው፤ ከተወጋ በኋላም በሽተኛው ለሰዓታት በክትትል ሥር መቆየት አለበት። በሪፈር መላክ ያስፈለገበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ሕክምናውም ክኒን ወስዶ ወደ ቤት የሚገባበት አይደለም። ቀድሞ 30 ቀን ሙሉ በየቀኑ መርፌ ይወጋ ነበር። ጎንደርና አርባ ምንጭ የተካፈሉበት፣ በምሥራቅ አፍሪካ አገሮች የተደረገ ጥናት ከተጠናቀቀ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ሁለት መድኃኒት በአንድነት ለ17 ቀን መስጠት ተመከረ። አሥራ ሦስት ቀን ቀነሰ ማለት ነው። ለሰሊጥ ሠራተኛ 13 ቀን ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። መርፌው ልብንና ጉበትን ሊነካ ስለሚችል ያለ ሆስፒታል ክትትል አይወሰድም። ለነፍሰ ጡሮች፣ ዕድሜያቸው ለገፋና በጣም ለተዳከሙ ሰዎች በደም ሥር የሚሰጥ ሌላ መድኃኒት አለ።

አሁን በጣም ልብ በሉ። የካላ አዛር መድኃኒት በመንግሥት የሕክምና ማዕከላት በነጻ ነው የሚሰጠው። በግል ፋርማሲ ፈልጋችሁ የምታገኙት ዓይነትም አይደለም። በሬ አትሽጡ።

ነጻ የማይሆነው ምንድን ነው?

መድኃኒቱ ነጻ ቢሆንም ቤተሰብን የሚያደኸየው ሌላው ሁሉ ነው። የመሳፈሪያው፣ ከዚያ በፊት በየክሊኒኩ የወጣው፣ የአስታማሚው ምግብና ማደሪያ፣ የቀረው የሥራ ቀን። ለካላ አዛር ምንም ላይከፈል ይችላል፤ ነገር ግን በሽተኛው የሳንባ ምችም ይዞት ከሆነ ወይም ደም ካስፈለገው ለዚያ የሚጠየቅ ይኖራል።

የጤና መድኑስ? ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን እ.ኤ.አ. በ2011 በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በደቡብና በትግራይ በ13 ወረዳዎች ሙከራው ከተጀመረ ወዲህ ብዙ ቤተሰብን ታድጓል። ደብተሩ በቤታችሁ ካለ እሰየው። ነገር ግን መድኑ የሚያያዘው ከተመዘገባችሁበት ወረዳና ከዚያው ጤና ጣቢያ ጋር ነው፤ ሪፈሩም ከዚያ ነው የሚጀምረው። ቤተሰቡ ጋይንት ላይ መዋጮ ከፍሎ ሳለ አባወራው መተማ ላይ ሲታመም ደብተሩ ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ ሚስቱ ዘንድ ነው። ስለዚህ ባልና ሚስት ከመለያየታችሁ በፊት በዚህ ላይ ተነጋገሩ። የወረዳችሁ መድን ጽሕፈት ቤት ከወረዳው ውጭ ለሚታመም አባል ምን እንደሚያደርግ በሰኔ ጠይቁ። ድንገተኛ ሕመም ሲሆን የሚሠራውም ሥርዓት ሊለይ ይችላል። ወራጁ የቀበሌ መታወቂያውን በላስቲክ ጠቅልሎ ይያዝ፤ የደብተሩን ግልባጭም እንዲሁ። ከዚያም አንድ የስልክ ቁጥር በወረቀት ጽፎ ከመታወቂያው ጋር ያኑር። ስልክ ባትሪ ይጨርሳል፣ ይሰረቃልም፤ ራሱን የሳተ ሰው ኪስ ውስጥ የተገኘ ወረቀት ግን ቤተሰብ ያገናኛል።

ከሰሊጥ አገር የሚመጣ በሽተኛ ሁሉ አማርኛ ተናጋሪ አይደለም። መተማና ቋራ የጉሙዝ ወገኖቻችን አገርም ነው። ቋንቋቸውን የሚያውቅ ሰው በጉባኤያችሁ ካለ፣ በሆስፒታሉ ግቢ አንድ ከሰዓት ቢውል ከብዙ ስጦታ ይበልጣል።

ለባልና ለሚስት

ይህን ክፍል አብራችሁ እንድታነቡት እንወዳለን። ለብዙ ዓመታት በመተማና በሁመራ በካላ አዛር ከታመሙት መካከል ኤች አይ ቪ የተገኘባቸው በዓለም ላይ ከሚታወቁት ሁሉ ከፍተኛ ቁጥር ከነበራቸው ውስጥ ናቸው። ምክንያቱን ለመገመት አያዳግትም። ከሚስቱ ለወራት የተለየ ወጣት፣ በኪሱ የአጨዳ ብር፣ በየከተማው መጠጥ ቤት። ነገሩን በፍርድ ለመናገር ቀላል ነው። ነገር ግን በቆላ ያሉት ሴቶችም ብዙዎቹ ከደጋ በድህነት ተገፍተው የወረዱ የሰው ልጆች፣ የሰው እኅቶች ናቸው።

ሁለቱ በሽታዎች ሲገናኙ አንዱ ሌላውን ያባብሳል። ካላ አዛሩ በመድኃኒት ከጠፋ በኋላ ተመልሶ ይመጣል፤ የተለመደው መርፌም ለእነዚህ በሽተኞች መርዛማነቱ ይበረታል። እዚህ ላይ ለአካባቢያችን ክብር የሚሆን ነገር አለ። በጎንደርና በአብደራፊ የተደረገ ጥናት በደም ሥር የሚሰጠውን መድኃኒት ከሚዋጥ መድኃኒት ጋር ማጣመር ለእነዚህ ሰዎች የተሻለ መሆኑን አሳየ፤ የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2022 ይህንኑ ለምሥራቅ አፍሪካ መከረ። የሚዋጠው መድኃኒት ፅንስን ስለሚጎዳ፣ የምትወስደው ሚስት ከሆነች በሕክምናው ወቅትና ከዚያ በኋላ ሐኪሙ እስከሚነግራችሁ ወራት ድረስ እርግዝና መከላከል ግድ ነው። ይህን ሐኪሙ ለሚስት ብቻ ነግሮ እንዳይቀር ባልም አብሮ ይግባ።

እህቴ ሆይ፣ ባልሽ ከቆላ ሲመለስ ሁለታችሁም አብራችሁ ተመርመሩ ማለት «አላምንህም» ማለት አይደለም። ወንድሜ ሆይ፣ ጥያቄው ከአንተ ቢነሳ ለእርሷ ምን ያህል እንደሚቀላት አስበው። በብዙ ቤት ይህ ንግግር ሳይደረግ የሚቀረው ሁለቱም ሌላው እንዲጀምር ስለሚጠብቁ ነው። ውጤቱ ሌላ ቢሆንም የኤች አይ ቪ መድኃኒት በአግባቡ የሚወስድ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ይኖራል፣ ልጆቹን ያሳድጋል፤ በደሙ ውስጥ ያለው ቫይረስ በምርመራ እስከማይታይ ድረስ ከወረደም ለትዳር ጓደኛው በግብረ ሥጋ አያስተላልፍም። ይህ ዛሬ በጥናት የተረጋገጠ ነው። መጋቢዎችና አማካሪዎች ብትሆኑም ይህን ሳታውቁ ባለትዳሮችን አታማክሩ።

ጸሎቱና መርፌው

በጉባኤዎቻችን የምናውቀውን ነገር በግልጽ እንናገረው። በማይለቅ ትኩሳት የተያዘ ሰው ከጤና ጣቢያ በፊት ወደ ጸሎት ቤት ይመጣል፤ ሌላው ጠበል ይሄዳል፤ ሌላው የባህል ሐኪም ዘንድ ይሄድና ያበጠ ሆዱን በእሳት ይተኮሳል። መጸለይ መልካም ነው፤ ይህ መጽሔትም ለሕሙማን መጸለይን አይተውም። ከባዱ ነገር የ17 ቀኑ መርፌ በ6ኛው ቀን «ተሽሎኛል፣ ተፈውሻለሁ» ተብሎ ሲቋረጥ ነው። ትኩሳቱ በመጀመሪያው ሳምንት መብረዱ የሚጠበቅ ነው፤ መድኃኒቱ ሠራ ማለት እንጂ ተውሳኩ አለቀ ማለት አይደለም። መጋቢ ወይም ሽማግሌ ሆናችሁ አልጋው አጠገብ ከቆማችሁ በጸሎታችሁ መጨረሻ ላይ «ስንተኛ መርፌህ ነው? ስንት ቀረህ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከእናንተ አንደበት የሚወጣው ይህ ጥያቄ ከነርሷ ምክር ይልቅ ሊሰማ ይችላል።

ደጉ ሳምራዊ ያደረገውን አስታውሱ። ቁስሉን አሰረ፣ በእንስሳው ላይ ጫነው፣ ወደ ማደሪያው አደረሰው። አዘውትረን የምንሰብከው እስከዚህ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ለእንግዳ ማደሪያው ጠባቂ ገንዘብ ሰጠ፤ የሚጎድል ቢኖርም ሲመለስ እንደሚከፍል ቃል ገባ። ሂሳቡን እስከ መጨረሻው ተከታተለ ማለት ነው። የጎንደር አጥቢያዎች ለዚህ አመቺ ቦታ ላይ ናችሁ። ከመተማ የመጣ ብቸኛ በሽተኛ ሆስፒታል ሲተኛ አስታማሚ የለውም። አስታማሚ ማለት በእኛ አገር ምግብ የሚያመጣ፣ ላቦራቶሪ የሚሮጥ፣ ልብስ የሚያጥብ፣ ሐኪሙ ሲመጣ «ሌሊት አልተኛም» ብሎ የሚናገር ነው። ይህ ሰው የሌለው በሽተኛ በአልጋው ላይ እያለ ይጎዳል። የእህቶች ኅብረታችሁ በሳምንት ሁለት ቀን ለአንድ እንዲህ ላለ ሰው ምግብ ቢያደርስ፣ እንቁላልና ምስር የጨመረ ቢሆን ደግሞ የተሻለ፣ የመነመነ ሰውነት መድኃኒቱን የሚችልበት አቅም ያገኛል። አስታማሚን በቤታችሁ ለማሳደር ብታስቡም በቅድሚያ ባልና ሚስት ተማከሩ፤ በአንድ ክፍል ቤት ውስጥ ለ17 ቀን የሚቆይ እንግዳ ለትዳርም ፈተና ነው። ካልተቻላችሁ የሁለት ቤተሰብ ተራ ይሁን።

ሴቶቹና የድንበሩ እንግዶች

እስካሁን ስለ ወንዶች ብዙ ተናገርን። ቆላው ግን ሴቶችም አሉት፤ ጤና ጣቢያ በራቀበት ቦታ ምጥ ሦስት ቀን የሚቆይባቸው። ልጁ ይሞታል፣ እናቲቱም በፊስቱላ ትቀራለች፤ ሽንት ሳይቋረጥ ይፈስሳል፣ ባል ይሸሻል። ለዚህም ስፔሻሊስቱ ከአዲስ አበባ መለስ ይገኛል። ዶክተር ካትሪን ሃምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጅናልድ እ.ኤ.አ. በ1959 ወደ አገራችን መጥተው የጀመሩት ሥራ እ.ኤ.አ. በ2005 በባሕር ዳር የፊስቱላ ማዕከል ከፍቷል። ዶክተር ካትሪን በ2020 እስካረፉ ድረስ ከዚህ ሕዝብ አልተለዩም። ሕክምናው ነጻ ነው። በመንደራችሁ ከሰው የተለየች፣ ከጉባኤ የቀረች፣ ሽታ ፈርታ ከኋላ የምትቀመጥ እህት ካለች ስሟን ሳታወሩ ጠጋ ብላችሁ ይህን ንገሯት።

የእባብ ንድፊያም የሰሊጥ አጫጁ ሌላ አደጋ ነው። በዚህ ላይ አጭር ቃል ብቻ፦ አትብጡት፣ አትምጠጡት፣ በገመድ አጥብቃችሁ አትሰሩት፤ የተነደፈውን እጅ ወይም እግር ሳታንቀሳቅሱ ፈጥናችሁ ወደ ጤና ተቋም አድርሱ። ማርከሻው መርፌ በሁሉም ቦታ ስለማይገኝ የት እንዳለ አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ይህን የመጠየቅ ኃላፊነት የአሠሪው መሆን ነበረበት ብዬ አምናለሁ። ሁለት መቶ ሰው ያሰማራ ባለ እርሻ አንድ ተሽከርካሪ ለበሽተኛ ሊያዘጋጅ ይችላል። በጉባኤያችን ውስጥ ያሉ የሰሊጥ ባለሀብቶችም ይህን ቢያነቡ ደስ ይለናል። በመድኃኒት የተነከረ አጎበር ለሠራተኛ ማደልም ከዚሁ ይቆጠራል፤ የአሸዋ ዝንብ በተራ አጎበር ቀዳዳ ሊሾልክ ይችላልና መነከሩ ወሳኝ ነው።

አፄ ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም. የወደቁባት መተማ ዛሬም የድንበር ከተማ ናት። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲፈነዳ ሱዳናውያን፣ ከዚያ የሚመለሱ ኢትዮጵያውያንና የሌሎች አገሮች ዜጎች በገላባት አድርገው ወደዚያች ከተማ ጎረፉ። ኩመር በተባለው የስደተኞች መጠለያ በዚያው ዓመት ማብቂያ ላይ ኮሌራ ገባ። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በክልላችን የተነሳው ግጭት የጎንደር መተማን መንገድ ደጋግሞ አቋርጦታል፤ እገታውም በዚያ መስመር ላይ የብዙ ቤተሰብ እንባ ሆኗል። ሪፈር ወረቀት በእጁ ይዞ መኪና የሚጠብቅ በሽተኛ እንዳለ በጸሎት ርዕሳችሁ ላይ ጻፉት። መንገድ በተዘጋበት ቀን ሕክምናው መተማ ሆስፒታል ላይ ሊጀመር ይችል እንደሆነ መጠየቅ እንጂ መንገዱ እስኪከፈት በቤት መተኛት አይበጅም።

መርፌው ካለቀ በኋላ በሽተኛው ከስድስት ወር በኋላ ተመልሶ እንዲታይ ቀጠሮ ይሰጠዋል። በዚህ መካከል ትኩሳቱ ከተመለሰ ወይም ፊቱ ላይ ሽፍታ ከወጣ ቀጠሮውን ሳይጠብቅ መሄድ አለበት። ብዙዎች በስድስተኛው ወር አይመጡም፤ ደህና ነኝ ይላሉ፣ ወይም የአረም ጊዜ ደርሶ እንደገና ወርደዋል። የቀጠሮውን ቀን የቤተ ክርስቲያናችሁ ጸሐፊ መዝገብ ላይ አስፍሩት፤ ቀኑ ሲቃረብም የመሳፈሪያውን አዋጡለት።